በምን አወቅሽ?

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንድ ትክክለኛ ቁጥር ስህተት ነው ብዬ ሰረዝኩ። ስለ አስተሳሰብ የማውቀው ነገር ካለ አብዛኛው የመጣው ከዚያ ስርዝ ነው።

ሥራዬ እዚህ ድሬዳዋ ከጤና ተቋማት በየሳምንቱ የሚላኩ ሪፖርቶችን መሰብሰብ፣ ማጥራትና መተንተን ነው። ሳምንታችን ሰኞ ይጀምርና እሁድ ያልቃል። ሪፖርቱ እኔ ጋ ሲደርስ ትኩሳት የያዘው ልጅ አይታየኝም፣ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያደረች እናት አትታየኝም፤ የሚታየኝ ሣጥን ነው፣ በሣጥኑ ውስጥ ቁጥር። በዚያ ሳምንት አንድ ጤና ጣቢያ የላከው የወባ ቁጥር ከቀደሙት ሳምንታት ጋር ዝምድና የሌለው ሆነብኝ። በጋ ነው። ድሬ የበልጉን ጠብታ ገና አላየችም፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ነው። ወባ ከክረምት በኋላ፣ ውሃ በየጉድጓዱ ሲያቁር እንደምትመጣ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተማርኩት ነው። መዝጋቢዋ አንድ ዜሮ ጨምራበት ይሆናል አልኩ በሆዴ። በሆዴ «ይሆናል» ያልኩትን ወረቀቱ ላይ «የምዝገባ ስህተት» ብዬ ጻፍኩትና ቁጥሩን ከግራፉ አወጣሁት።

በዚያን ጊዜ የቅርብ አለቃዬ የነበሩት አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ወረቀቱን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁና፣

«ስህተት መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የካቲት ላይ እኮ ነን።»

«እሱ ስለ ወሩ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ቁጥሩ ነው። መዝገቡን አይተሻል?»

አላየሁም ነበር።

«አቦ፣ ተነሺ እንግዲህ። ባጃጅ አይጠፋም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ስለ ቁጣው አስብ ነበር፣ ስለ ጥያቄው አይደለም።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። የላቦራቶሪው ክፍል ጠባብ ናት፤ የጊምሳ ማቅለሚያ ያለበት ጠርሙስ፣ የስላይድ መደርደሪያ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ግድግዳው ላይ የሚንጫጫ ማራገቢያ። መዝገቡ ትልቅ ነው፣ ጠርዙ በጣት ብዛት ለስልሷል። ቀን፣ ካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቀበሌ፣ ውጤት። መስመሮቹ ጠባብ ስለሆኑ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ከቦርሳዬ ማስመሪያ አወጣሁና በእያንዳንዱ መስመር ሥር እያስቀመጥኩ፣ አንዱን ስጨርስ ወደ ታች እየገፋሁ ቆጠርኩ። አራት ቋሚ ጭረት፣ አምስተኛው አግድም። ስጨርስ አላመንኩትም፤ እንደገና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቆጠርኩ። መዝጋቢዋ ምንም አልጨመረችም። ቁጥሩ ልክ ነበር።

የላቦራቶሪ ባለሙያው ጨዋ ልጅ ነው። ለምን እንደመጣሁ ስነግረው ፊቱ ላይ ቅሬታ አላየሁም። አንድ ስላይድ አስተካክሎ «ነይ እዪው» አለኝ። ሮዝማ መስክ ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ ቀለበቶች፣ በእያንዳንዱ ቀለበት ጠርዝ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ። በሥራዬ ላይ ስንት ዓመት «ፋልሲፓረም» የሚለውን የወባ ዓይነት ስም ስጽፍ ኖሬ ጥገኛ ተውሳኩን ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ «ስህተት» ያልኩት ይህንን ነበር።

ስለ ሂሳዊ አስተሳሰብ ከዚያ በፊት ያልሰማሁ ሰው አልነበርኩም። እንዲያውም ሥልጠና ወስጃለሁ፤ አምስት ቀን ሙሉ። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡትን የትምህርት ግቦች መሰላል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አንደርሰንና ክራትዎል ያሻሻሉትን ጭምር ተምረናል፦ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም፣ መፍጠር። የላይኞቹ ሦስቱ የላቀ አስተሳሰብ ናቸው ተባልን። በመጨረሻው ቀን ፈተና ነበር፤ አንዱ ጥያቄ ስድስቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ጻፉ ይላል። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ያ ጥያቄ የፈተነው ግን ከመሰላሉ የታችኛውን፣ ማስታወሴን ብቻ ነው። በዚያ ሥልጠና ላይ ማንም ሰው «በምን አወቅሽ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ይህ ያሳዝነኛል፤ አሁንም ድረስ ወጣቶች በዚሁ ዓይነት ሥልጠና አልፈው ወደ እኔ ይመጣሉ፣ ትርጉሙን ይዘው፣ ልማዱን ሳይዙ።

በመሰላሉ ላይ ሌላም ቅሬታ አለኝ። ታችኛው እርከን የሚናቅ ያስመስላል። የእኔ ስህተት የትንተና ዘዴ ባለማወቅ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ስለ ወባ ትንኝ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ስለነበረ ነው። ዳንኤል ዊሊንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ለዓመታት የሚሟገትለት ሐሳብ አለ፤ ሂሳዊ አስተሳሰብ እንደ ብስክሌት ግልቢያ አንዴ ተለምዶ በየትም መንገድ የሚነዳ ክህሎት ሳይሆን ስለ ጉዳዩ ካለን ዕውቀት ጋር የተጣበቀ ነው ይላል። እኔ በራሴ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስለ ትንኞች ሁለተኛ ነገር ባውቅ ኖሮ ሁለተኛ መላምት በመጣልኝ ነበር።

ከጤና ጣቢያው በተመለስኩ ማግስት አዲስ ደብተር ገዛሁ። በግራ ገጹ አናት ላይ «አንድም» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን ቃል ያገኘሁት ከአያቴ ነው። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ግን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ስለ ምንም ነገር ሲያወሩ በአንድ ፍቺ አይበቃቸውም ነበር። የአንድምታ፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህር አንድ ኃይለ ቃል ላይ ሲደርስ ፍቺውን ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ይልና ሌላ ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። ጎረቤት ዘግይቶ ቢገባ እንኳ አያቴ «አንድም ሥራ በዝቶበት፣ አንድም ባቡሩ ዘግይቶ፣ አንድም ለመግባት አልፈለገም» ይሉ ነበር። ልጅ ሆኜ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ያ የአእምሮ ልማድ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይገባኛል፤ የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ በሩን አይዘጋም።

እናም ጻፍኩ። አንድም የምዝገባ ስህተት ነው (ይህ በማስመሪያው ወድቋል)። አንድም በሽተኞቹ ከሌላ ቆላ አካባቢ ይዘውት የመጡ ናቸው። አንድም የመመርመሪያ ኪት በብዛት ስለገባ የሚመረመረው ሰው በዝቷል እንጂ ወባው አልበዛም። አንድም ወባው እዚሁ፣ በከተማው ውስጥ፣ በበጋ እየተላለፈ ነው። የመጨረሻውን ስጽፍ እጄ እንደከበደኝ አስታውሳለሁ፤ ከልጅነቴ የተማርኩትን የሚያፈርስ ነበር።

ግን የአንድምታና የትንተና ሥራ በአንድ ነገር ይለያያሉ። በአንድምታ ሁሉም ፍቺዎች ጎን ለጎን መቆም ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይገድለውም፣ ያበለጽገዋል። በእኔ ሥራ ግን መላምቶቹ መሟገት አለባቸው። ስለዚህ በቀኝ ገጹ አናት ላይ «ተጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ፤ በጥንቱ የአደባባይ ሙግት ተከራካሪዎች እርስ በርስ የሚወራወሩት ቃል ነው። ለእያንዳንዱ መላምት የማቀርብለት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ አንተ እውነት ከሆንክ መዝገቡ ላይ ምን ማየት አለብኝ? ምንስ ማየት የለብኝም?

በሽታው ከሩቅ የመጣ ከሆነ፣ አብዛኞቹ ለሥራ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ጎልማሶች መሆን አለባቸው፤ ከቤት የማይወጡ ሕፃናት መብዛት የለባቸውም። የኪቱ ብዛት ከሆነ፣ ከተመረመሩት ውስጥ የተገኘባቸው ድርሻ ብዙም መለወጥ የለበትም። ይህን ለአዳዲሶቹ ልጆች ሳስረዳ በቀላል ቁጥር ነው፤ ባለፈው ወር 100 ሰው ተመርምሮ 10 ቢገኝበት፣ በዚህ ወር ደግሞ 400 ተመርምሮ 40 ቢገኝበት፣ ወባ አራት እጥፍ ሆነ ብለን አንጮህም፤ ከመቶ አሥር የነበረው አሁንም ከመቶ አሥር ነው። ሁለተኛ ጊዜ ወደ መዝገቡ ስመለስ ታዲያ የምፈልገውን አውቄ ነው የሄድኩት። ዕድሜው አምድ ላይ የሕፃናት ቁጥር ተደጋግሞ አገኘሁ። ቀበሌው አምድ ላይ አንድ ሰፈር ተደጋግሞ አገኘሁ። ድርሻውም ከፍ ብሏል። ሦስቱ «አንድሞች» አንድ በአንድ ሲወድቁ፣ ለመጻፍ እጄን የከበደው ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ስለዚህ ዘዴ በኋላ ሳነብ ሪቻርድስ ሂወር የተባለ ለረጅም ዓመታት በአሜሪካው የስለላ ድርጅት በሲአይኤ የሠራ ሰው ተመሳሳይ ነገር በሥርዓት አስቀምጦት አገኘሁ። የእሱ ዋና ምክር ማስረጃን በሚደግፈው ብዛት ሳይሆን በሚለየው ኃይል መመዘን ነው። ምሳሌው ከሕክምና ነው፤ ከፍተኛ ትኩሳት ሰውየው መታመሙን ለሐኪሙ ይነግረዋል፣ የትኛው በሽታ እንደሆነ ግን ብዙም አይነግረውም፣ ምክንያቱም ትኩሳት ከብዙዎቹ ጋር ይስማማል። ይህን ያነበብኩት የድሬ ልጅ ሆኜ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጌ፣ በ2011 ክረምት መጨረሻ ላይ ቺኩንጉኒያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ የጣለባት ከተማ ልጅ። በዚያ ክረምት ሠፈራችን ውስጥ መገጣጠሚያው ያልታሰረውን ሰው መቁጠር ነበር የሚቀለው። ትኩሳት እዚህ አገር ከሁሉም ጋር ይስማማል። ከሁሉም ጋር የሚስማማ ማስረጃ ደግሞ ለማንም አይመሰክርም። ሪፖርት ላይ «ይህ ከግምታችን ጋር የሚጣጣም ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር አሁን እቆማለሁ። ከሌሎቹ ግምቶችስ ጋር አይጣጣምም?

ግን በበጋ ትንኟ የት ነው የምትፈለፈለው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

እናቴ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን ያለው ዕቃ ሁሉ ይሞላል፤ ጄሪካኑ፣ በርሜሉ፣ ግቢው ጥግ ላይ ያለው ሮቶ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ልጠጣ ሄጄ በርሜሉን ከፈትኩት። ክዳኑ በአንድ በኩል ስለተጣመመ በደንብ አይገጥምም። የጠዋቱ ፀሐይ በጎን ሲገባ ውሃው ላይ ትንንሽ ነገሮች አየሁ፤ የሩዝ ፍሬ ስባሪ የሚያክሉ። አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው የተንጠለጠሉ ነበሩ። ሁለት ሦስቱ ግን ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ፣ ልክ እንደ ተንሳፈፈ ገለባ ተጋድመው። ጣቴን ሳስጠጋ ወደ ኋላ ተፈናጠሩ። በዚያ ሳምንት ካነበብኩት አስታወስኩ፤ የወባ አስተላላፊዋ የአኖፌለስ ዝርያ ዕጭ የመተንፈሻ ቱቦ ስለሌላት ነው ተጋድማ የምትተኛው፤ የደንጌዋ ኤደስ ግን በቱቦዋ ተንጠልጥላ ነው የምትተነፍሰው። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ በዓይን ብቻ ዝርያ አይለይም። ነገር ግን በበጋ፣ ኩሬ በሌለበት፣ በገዛ እናቴ በርሜል ውስጥ የተጋደመ ዕጭ ማየት ለእኔ በቂ ድንጋጤ ነበር።

«ምን አገኘሽ ልጄ?» አለች እማዬ ከጀበናው ሥር።

ነገርኳት። እሷ ብዙም አልገረማትም። «ዝናብ የምትጠብቂው ምን ሆነሽ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ እዚህ አይደል ያለው» አለችኝ። እናቴ የ1998ቱን ጎርፍ ያየች ሴት ናት። በዚያ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው የበላው ደቻቱ የሞላው ከላይ፣ ከደጋው በወረደ ዝናብ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷ ክረምት ሲሆን የድሬን ሰማይ አታይም፤ የደንገጎን ደጋ ነው የምታየው። ምክንያት ከፊት ለፊት ላይገኝ እንደሚችል ከማንኛውም ሥልጠና በፊት የምታውቅ ሰው ቤቴ ነበረች።

ትንኟ ስም ነበራት፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ። መነሻዋ ደቡብ እስያና የአረቡ ምድር ነው። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቡቲ ውስጥ ሲሆን በኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ከሌሎቹ የአገራችን ወባ አስተላላፊዎች የሚለያት ከተማ መውደዷ ነው፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። በ2019 ዓመቱን ሙሉ በድሬዳዋ 205 የወባ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር፤ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆኑ፣ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እኔ የሰረዝኩት ቁጥር ከዚያ ማዕበል የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አንዱ ነበር።

ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ከተማችን ላይ ያደረጉት ጥናት በኋላ ታትሞ ሲወጣ ደጋግሜ አነበብኩት። ውጤቱ ብቻ አልነበረም የሳበኝ፤ የጥያቄው አሠራር ነው። ወባ የተገኘባቸውን ብቻ ይዘው ቤታቸው ትንኝ ቢፈልጉ ኖሮ ትንኝ ማግኘታቸው ምንም አይነግራቸውም፤ ድሬ ውስጥ የማን ቤት ነው ትንኝ የሌለበት? እነሱ ግን ትኩሳት ኖሮባቸው ወባ ያልተገኘባቸውን ሰዎችም ወሰዱ፣ የእነዚያንም ቤትና አካባቢ ፈተሹ፣ ሁለቱን አነጻጸሩ። የተያዙ ሰዎች በሕሙማኑ ቤት ዙሪያ ተሰብስበው ተገኙ፣ ስቴፈንሲ በአቅራቢያ መኖሯም ከዚህ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ሆነ፤ በትንኞቹ ውስጥም ተውሳኩ ተገኘ።

ያልታመመውን መጠየቅ አሮጌ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ሶሆ ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ጆን ስኖው የሞቱትን በካርታ ማስፈሩን ሁሉም ያወራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ያልሞቱትን ማየቱ ነው። ከተጠረጠረው የብሮድ ጎዳና የውሃ ፓምፕ አጠገብ ከ70 በላይ ሠራተኞች ያሉት የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ በኮሌራ የሞተ የለም፤ ሠራተኞቹ ቢራ ይጠጡ ነበር፣ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። እዚያው ሰፈር 535 ሰው የሚኖርበት የድሆች መጠለያ ነበር፤ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፤ እሱም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። በተቃራኒው ከዚያ ሰፈር ርቃ የምትኖር አንዲት መበለት ሞተች፤ የዚያን ፓምፕ ውሃ ጣዕም ስለምትወድ እያስመጣች ትጠጣ ነበር። ኮሌራን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ለሚሉት ሰዎች ይህ ሁሉ «ተጠየቅ» ነው። በአየሩ ከሆነ የቢራ ጠማቂዎቹ ምን አተረፋቸው?

ከዚያው የድሬ ጥናት አንድ ነገር ደግሞ ሥራዬን ለዘለቄታው ለወጠው። የተገኘው ተውሳክ ዋናውን የወባ መድኃኒት የመቋቋም ምልክት ብቻ ሳይሆን ከመመርመሪያ ኪት የመደበቅ ምልክትም ነበረው። በብዛት የምንጠቀምበት ፈጣን ኪት የሚፈልገው የፋልሲፓረም ተውሳክ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ-2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ያን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋበት ተውሳክ በበሽተኛው ደም ውስጥ እያለ ኪቱ «የለም» ይላል። በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ከመቶ አምስት ሲያልፉ ኪቱ እንዲቀየር የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ቁጥር ተንታኝ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሣጥኑ ውስጥ ያለው «0» የወባ አለመኖር ላይሆን ይችላል፤ የኪቱ አለማየት ሊሆን ይችላል። አሁን አንድ ቁጥር ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ነው ብዬ አይደለም፤ ማን፣ በምን መሣሪያ፣ ማንን መርምሮ ነው ያገኘው?

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ልናገር። ትንኟ ጂቡቲ ገባች፣ ከዚያ እኛ ጋ ተገኘች። ከጂቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ደረሰ፤ ይህችም ከተማ የተወለደችው በእሱ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ ነኝ፤ «ባቡሩ አመጣት» የሚለው ታሪክ በአንድ ጊዜ ልቤ ውስጥ ገባ። ያምራል፣ ይገጣጠማል፣ ለመተረክም ይመቻል። ግን ቀብሪደሃር ሐዲድ የላትም፤ እዚያ የተገኘችውም ከአዲሱ ባቡር አገልግሎት በፊት ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ «አንድም በባቡር፣ አንድም በጭነት መኪና፣ አንድም በነፋስ» ብዬ ጻፍኩት፤ ዛሬም እንደዚያው ተከፍቶ አለ። ሳይዘጋ የሚቆይ ገጽ መሸከም ከባድ ነው። የሚያምር ታሪክ ስሰማ ይበልጥ መጠንቀቅን የተማርኩት ከዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት ሁለት አዲስ ተመራቂዎች ተመደቡልኝ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሐሙስ ከሰዓት ሻይ ይዘን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ቀን ፒተር ዌሰን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣውን ጨዋታ አጫወትኳቸው። ሦስት ቁጥር ሰጠኋቸው፦ 2፣ 4፣ 6። «እነዚህ በሆዴ የያዝኩትን ሕግ የሚያሟሉ ናቸው። እናንተም ሦስት ሦስት ቁጥር እየጠራችሁ ጠይቁኝ፤ ያሟላል ወይም አያሟላም እላለሁ። እርግጠኛ ስትሆኑ ሕጉን ንገሩኝ።»

ልጁ ፈጣን ነው። «8፣ 10፣ 12።»

«ያሟላል።»

«20፣ 22፣ 24።»

«ያሟላል።»

«100፣ 102፣ 104። አለቀ፣ በሁለት በሁለት የሚጨምር ነው።»

«አይደለም» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ፤ ሦስት ጊዜ «ያሟላል» ብዬው ነበር እኮ።

ልጅቷ ዝም ብላ ሻይዋን ስታማስል ቆየችና «እትዬ፣ 3፣ 2፣ 1 ብልስ?» አለችኝ።

«አያሟላም።»

ፈገግ አለች። «1፣ 7፣ 50?»

«ያሟላል።»

«ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሂድ እንጂ ሌላ ሕግ የለውም» አለች። ልክ ነበረች። ምን አስበሽ 3፣ 2፣ 1 አልሽ ብዬ ስጠይቃት፣ «አይ የሚል መልስ ፈልጌ» አለችኝ። በዌሰን የመጀመሪያ ሙከራ ከ29ኙ ተሳታፊዎች ትክክለኛውን ሕግ በመጀመሪያው ግምታቸው የተናገሩት 6 ብቻ ነበሩ። ለልጁ ይህን ነገርኩት፤ ስላፈረ ሳይሆን የሁላችንም አእምሮ በዚያው መንገድ እንደሚሮጥ እንዲያውቅ። እኔም የካቲት ላይ የሮጥኩት በዚያው ነው። «አዎ» የሚለኝን ወር ጠየቅኩ፤ «አይ» ሊለኝ የሚችለውን መዝገብ አልጠየቅኩም።

ከእነሱ ጋር ከምንሠራቸው ልማዶች የምወደው ትንሹ ነው። ፋይሉን ከመክፈታቸው በፊት ምን እንደሚጠብቁ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ «ይህ ጤና ጣቢያ ከባለፈው ሳምንት ያነሰ ይልካል፣ ምክንያቱም…»። ከዚያ ይከፍታሉ። ካልተጻፈ፣ ሰው ውጤቱን ካየ በኋላ ድሮም የጠበቀው ይመስለዋል፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደተታለልኩ አውቃለሁ። የተጻፈ ግምት ግን ይይዝሃል፣ መደነቅህን አይደብቅልህም። ልጁ መጀመሪያ ላይ ጊዜ ማባከን ይመስለው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ገጹን አገላብጦ «እትዬ፣ እኔ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጌ ነው የምገምተው» አለኝ። ማንም አልነገረውም፤ የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው የነገረው።

በዚህ ሳምንት ሰኞ ከመጡት ሪፖርቶች አንዱ ላይ የወባው ሣጥን ባዶ ነበር። ዜሮ አይደለም፣ ባዶ። ሲስተሙ ድምሩን ሲሠራ ባዶውን እንደሌለ ይዘለዋል፤ ግራፉ ላይ ግን መስመሩ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ያላወቀ ሰው ወባ ቀነሰ ይላል። ልጁ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና «ቀንሷል ብዬ ልጽፍ ነበር» አለኝ። ከዚያ ራሱ ቀጠለ። «አንድም በሽተኛ የለም፣ አንድም ኪት አልቆባቸዋል፣ አንድም መዝጋቢዋ ፈቃድ ላይ ናት። ስልክ ደወልኩ፣ አያነሱም።»

ጋሼ እንዳሉኝ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን ቦርሳውን አንግቶ ተነስቷል። መሳቢያዬን ከፍቼ ማስመሪያዋን ሰጠሁት፤ መዝገቡ መስመሩ ጠባብ ነው።